ሥራ ያጣ መነኩሴና የእኛ ስልክ

«ዓላማ» የሚለውን ቃል በየስብሰባውና በየስብከቱ እንሰማዋለን፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ቆመን የምንጠይቀው ጥቂት ጊዜ ነው። «ሰንደቅ ዓላማ» ስንል ዓላማ ማለት ምልክት ነው። ተኳሽም የሚያነጣጥርበትን ነገር «ዒላማ» ይለዋል። ከሁለቱም የምንረዳው፥ ዓላማ በሰው ልብ ውስጥ የሚመጣና የሚሄድ ስሜት ሳይሆን፥ ከሰው ውጭ ተተክሎ የሚታይ ነገር መሆኑን ነው። ብዙዎቻችን ግን ዓላማን እንደ ስሜት እንጠብቀዋለን። ሲመጣ ደብተር እንገልጣለን፤ ሲጠፋ ስልክ እናነሣለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሥራ፥ ከእምነትና በስልክ ላይ ከምናሳልፈው ኑሮ ጋር ያለውን ግንኙነት በአጭሩ ለመመልከት እንሞክራለን።

ነገሩን ከሩቅ እንጀምር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ399 ዓ.ም. ያረፈ ኤዋግሪዮስ የተባለ መነኩሴ በግብፅ በረሓ ይኖር ነበር። ይህ ሰው የመነኮሳትን ልብ የሚፈታተኑ ክፉ አሳቦችን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጽፏል። ከእነርሱም ውስጥ እጅግ ከባድ ነው ያለው በግሪክኛ «አኬዲያ» የሚባለውን ነው፤ የእኛ ሊቃውንት «ሀኬት» ከሚሉት ጋር ይቀራረባል። ኤዋግሪዮስ በመዝሙረ ዳዊት የተጠቀሰው የቀትር ጋኔን ይኸው ነው ይላል፤ መነኩሴውንም ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይፈታተነዋል። የእኛ አገር ሰዓት እንደ በረሓ አባቶች ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሚቈጠር፥ ይህ አራት ሰዓት ማንም ተማሪ የሚያውቀው የረፋዱ አራት ሰዓት ነው።

የበሽታው ምልክት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች፤ ቀኑም 50 ሰዓት ያለው ይመስላል። ቀጥሎ መነኩሴው ዓይኑን ወደ መስኮት ይልካል፤ ከበኣቱ እየወጣም የጾም መፍቻው 9 ሰዓት ምን ያህል እንደ ቀረው ፀሐይን ይመለከታል። ከወንድሞች አንዱ ሊጠይቀው ይመጣ እንደ ሆነም ወዲያና ወዲህ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚኖርበትን ቦታ ይጠላል፤ የእጁን ሥራም ይንቃል። በወንድሞች መካከል ፍቅር የጠፋ፥ እርሱንም የሚያጽናናው ሰው የሌለ ይመስለዋል። በመጨረሻም ሥራ የሚቀልበትና ኑሮ የሚመችበት ሌላ ቦታ እንዳለ ያስባል። ይህን የሚያነብ ተማሪ «መስኮት» በሚለው ፈንታ «ስልክ» ብሎ ቢያነበው የሚጐድልበት ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ተረት ይረዳናል። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። ተረቱን ስንሰማ የምንስቀው መነኩሴውን ሰነፍ ነው ብለን ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው ሰውየው አልተኛም። መርፌው ይሄዳል፤ ክሩ ይሳባል፤ ከሩቅ ያየው ሁሉ ሲሠራ ዋለ ይለዋል። ጕድለቱ ሌላ ነው። የሚሰፋው ቀዳዳ ራሱ የቀደደው ነው፤ ሥራውም ከእርሱ አልፎ ለማንም አይደርስም። እንግዲህ ሀኬት ማለት መተኛት ብቻ አይደለም። እጅ ሳያርፍ፥ ዓይን ሳይከደን፥ ቀኑ ሙሉ ተሠርቶበት ለማንም ሳይሆን መቅረትም ሀኬት ነው።

ስልካችን ይህን ጠባይ እንዴት እንደሚያጠነክረው ለማወቅ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። ሦስት ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛው፥ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። መጽሐፍ ምዕራፉ ያልቃል፤ ጋዜጣም ገጹ ያልቃል። ባለቀ ጊዜ አንባቢው ቀና ብሎ «ልቀጥል ወይስ ልነሣ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ገጽ ወደ ታች በተሳበ ቍጥር አዲስ ነገር ራሱ እየመጣ የሚቀጥልበትን ዘዴ ሠራ፤ በኋላም ዘዴው ያስከተለውን ጉዳት አይቶ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። በዚህ ዘዴ ያ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ ጠፋ።

ሁለተኛው፥ ስጦታው በዕድል የሚመጣ መሆኑ ነው። ፈርስተርና ስኪነር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትልቅ ሥራቸው እንዳሳዩት፥ እርግብ በመንቍሯ ስትነካው እህል የሚሰጣት ነገር ቢኖርና እህሉም መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ቢሆን፥ መንካቷን በቀላሉ አትተውም። እኛም ቲክቶክን ወይም ፌስቡክን ስንከፍት ዘጠኙ ነገር ከንቱ ሆኖ አሥረኛው ያስቀናል። አሥረኛው መቼ እንደሚመጣ ስለማናውቅ ጣታችን አያርፍም።

ሦስተኛው፥ ቍጥሩ ነው። ፌስቡክ የመውደድ ምልክት የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው አሳብ፥ የሰው ሐዘንና የሰው ጸሎት ሳይቀር ከሥሩ ቍጥር ተጽፎበት ይታያል።

ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ኸርበርት ሳይመን የተባለው ሊቅ ገና በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ ወሬና ዕውቀት በበዛ ቍጥር የሚያንሰው የሚቀበለው ሰው ልብ ነው። ያነሰ ነገር ደግሞ ይወደዳል፤ የተወደደም ነገር ይሸጣል። እነዚህ ኩባንያዎች ስልኩ ላይ የቆየንበትን ጊዜ ለማስታወቂያ አውጪ ይሸጣሉ። ስለዚህ ቆባችን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀደድ የሚያስቡ የተማሩና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ይህን ስንል ስልክ ይጣል ማለታችን አይደለም። የትምህርት ጽሑፍ የሚደርሰን በቴሌግራም ነው። ባሕር ማዶ ያለ ወንድምና እኅት ድምፅ የሚሰማው በዚሁ ነው፤ ከቤት የተላከ ገንዘብም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ይመጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ የሚታይ ሰው አለ፤ ነገሩም ሲፈጸም ያልቃል። የሚጐዳን ለማንም ያልሆነውና የማያልቀው ነው።

ወደ እምነት እንለፍ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜ በቀን ሰባት ነው፤ የሙስሊም ሶላት አምስት ነው። በቍጥርና በሥርዓት ቢለያዩም ሁለቱ የሚገናኙበት ነገር አለ። እያንዳንዱ ጸሎት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የሚቀርብለትም አለ። በተጨማሪ በሁለቱም ዘንድ ለሰው ዓይን ብሎ መጸለይ የተነቀፈ ነው። ወንጌል በእልፍኝ ተዘግቶ መጸለይን ያስተምራል፤ የእስልምና ሊቃውንትም ለይታይልኝ የሚደረግን መልካም ሥራ «ሪያ» ብለው አጥብቀው ያስጠነቅቁበታል። እንግዲህ ከቤቱ ርቆ የመጣ ተማሪ ስብከትን ወይም ዳዕዋን በስልኩ ቢሰማ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን አንድ የጥቅስ ሥዕል ለሃምሳ ሰው ልኮ ስንቱ «አሜን» እንዳለ እየቈጠረ፥ ሳይጸልይ የተኛ እንደ ሆነ፥ እምነቱ በእርሱ ዘንድ የተቀደደ ቆብ ሆኗል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማንም ባያየው ይህን እናደርገዋለን ወይ?

ስለ ሥራ ስንናገር ከዩኒቨርሲቲ ታሪካችን የምንጠቅሰው አለን። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ግዴታው ነበር፤ አብዛኛው የሄደው በአስተማሪነት ነው። ከዚህ የምንማረው አለ። በማያውቀው ከተማ የተመደበ ወጣት ጠዋት ሲነሣ የሥራ ፍላጎት በልቡ ይኑር ወይም አይኑር፥ በ2 ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁት ልጆች ነበሩ። ዒላማው ከእርሱ ውጭ ተተክሏል። ስሜቱ ቢመጣ ሥራውን ያጣፍጥለታል፤ ቢቀር ግን ልጆቹ ሳይማሩ አይውሉም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «ለተመረቀው ሁሉ ሥራ በማይገኝበት ጊዜ፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተና በተጨመረበት ጊዜ፥ ስለ ዓላማ መናገር ምን ይረባል?» ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለበት። ሀኬት እጅግ የሚበረታው የድካም ፍሬ በማይታይበት ቦታ ነው፤ ሥራ ማጣትም የስንፍና ውጤት ብቻ ነው የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ዮሐንስ ካስያን የጻፈልን የአባ ጳውሎስ ታሪክ አለ። ይህ አባት ከከተማ የሰባት ቀን መንገድ ርቆ ይኖር ስለ ነበር የእጁን ሥራ ገበያ አድርሶ መሸጥ አይችልም ነበር፤ የማጓጓዣው ዋጋ ከሥራው ዋጋ ይበልጣልና። ሆኖም በየቀኑ የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ የዕለት ልኩን ይሠራ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ በዋሻው የሞላውን ሥራ በእሳት አቃጥሎ እንደ ገና ይጀምራል። ያለ ሥራ ልቡ እንደማይጸና ያውቅ ነበርና።

እኛ ሥራችንን ማቃጠል አያስፈልገንም። የሚገዛው ባይገኝ እንኳ የሚሻው ከጐናችን አለ። ሒሳብ የከበደው የሰፈር ልጅ፥ ማመልከቻ የሚጻፍለት የጠፋ ሽማግሌ፥ ከእኛ በታች ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፥ ሁሉም ዒላማዎች ናቸው። ደመወዝ የሚገባው ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራ ማለታችን አይደለም፤ ደመወዝ እስኪመጣ እጃችን ሙያውን አይርሳ ማለታችን ነው።

መድኀኒቱንም ኤዋግሪዮስ ራሱ ጽፎታል። ለሥራህ ሁሉ ልክ አብጅለት፤ ልኩ ሳይሞላም አትነሣ የሚል ምክር ነው። ስለ ታላቁ አባ እንጦንስም የሚነገረው ከዚህ ይስማማል። በስልቹነት በተጨነቀ ጊዜ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ደግሞ ተቀምጦ ሲጐነጕን አየ፤ የታየውም መልአክ ነበር ይባላል። ሥራው ለጸሎቱ፥ ጸሎቱም ለሥራው ልክ ሆነው ይተካካሉ።

ለእኛ ኑሮ ይህን በሁለት ጥያቄ ማጠቃለል ይቻላል። አንድን ነገር ከመጀመራችን በፊት «ይህ ለማን ነው?» እና «የት ላይ ያልቃል?» ብለን እንጠይቅ። ንባቡ ከዚህ ገጽ እስከዚህ ገጽ፤ ጸሎቱ በሰዓቱ፤ መልእክቱ ለእገሌ። ስልኩ ግን መጨረሻውን ራሱ ስለማይነግረን ከውጭ ልንሰጠው ይገባል። የምንፈልገውን ነገር ሳንከፍተው በፊት በወረቀት መጻፍ፥ ያንኑ አግኝቶ መዝጋት፥ በጥናት ሰዓት ከጓደኛ ጋር ስልክ ተቀባብሎ ማስቀመጥ፥ ይህን የመሰለው ትንሽ ነገር ይረዳል። ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን ብናደርገው ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል፤ የበረሓ አባቶችም በማኅበር የኖሩት አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲያነሣው ነበር።

ነገ ረፋድ በ4 ሰዓት ቀኑ የቆመ ሲመስለን ያ አሮጌ ፈተና መምጣቱን እንወቀው። ስሙን ካወቅነው፥ የጀመርነውን ገጽ እንጨርስ።