አሮጌ ቴላዮና አዲስ ፎርኬላ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጉልቻ ሦስት መሆኑንና ከሦስቱ አንዱ ብቻ ተለውጦ ከሁለቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ድስቱ እንደሚዘም፥ ምድጃ አጠገብ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ብስክሌት ልንጽፍ ተነሥተን ከምድጃ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአሮጌ ብስክሌት ላይ አዲስ ፎርኬላ ለመግጠም የሚፈልግ ሰው የሚያጋጥመው ችግር ይኸው የጉልቻው ችግር ነውና።

ደኅና ሆኖ የተሠራ የብረት ቴላዮ ከዝገት ከተጠበቀ ካባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ፎርኬላው ግን ግጭት ሲደርስ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው እርሱ ስለ ሆነ ቀድሞ ይጣመማል፤ የመሪው ኩሽኔታም አቧራና ዝናብ እየገባበት ይበላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ገበያ ወጥቶ አዲስ ዕቃ ይገዛል። አዲሱ ዕቃ አልገባ ሲል መዶሻ ይነሣል። እኛም ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው መዶሻው ከመነሣቱ በፊት እንዲነበብ ብለን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በቴላዮው ፊት አጭር ቧንቧ አለ። በዚህ ቧንቧ ላይና ታች ሁለት የብረት ሲኒዎች ጠበቅ ብለው ይገባሉ፤ በፎርኬላው ትከሻ ላይ ደግሞ አንድ ቀለበት ይቀመጣል፤ በመካከላቸውም የብረት ኳሶች ይሽከረከራሉ። የፎርኬላው ግንድ በቧንቧው ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣና፥ ጫፉ ላይ ባለው ጥርስ በዳዶ ይታሰራል። እንግዲህ ቴላዮ፥ ፎርኬላና ኩሽኔታ እንደ ሦስቱ ጉልቻዎች ናቸው ማለት ነው።

በብዙ አገር የተለመደው የጥንቱ ግንድ ውፍረቱ 25.4 ሚሊሜትር፥ ማለት አንድ ኢንች ሲሆን፥ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 24 ጥርስ አለው። ይሁን እንጂ የኖቲንግሃሙ ራሌይ ለብዙ ዘመን በራሱ ብስክሌቶች ላይ 26 ጥርስ ያወጣ ነበር። የድሮዎቹ የፈረንሳይ ብስክሌቶች ደግሞ ግንዳቸው 25 ሚሊሜትር፥ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለውም ርቀት 1 ሚሊሜትር ነው። በዓይን ለሚያያቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ባለ 24 ጥርሱ ዳዶ በባለ 26ቱ ግንድ ላይ ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ ይነክሳል፤ በጕልበት ከተገፋም ጥርሱን ይላጨዋል። የተላጨ ጥርስ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙዎቹ የድሮ የፈረንሳይ ቴላዮዎች የፊት ቧንቧቸው ዛሬም የሚገኘውን 30.2 ሚሊሜትር ሲኒ ይቀበላል። ስለዚህ አዲሱን ፎርኬላ አልቀበልም ያለው የድሮው ዳዶ ነው እንጂ ቴላዮው አይደለም። ፎርኬላውንና ኩሽኔታውን በአንድ ልክ፥ አንድ ላይ ለውጦ መግጠም ነገሩን ይጨርሰዋል። በዚህም ጊዜ ቢሆን የትከሻውን ቀለበት መለካት ያስፈልጋል፤ በአንዱ ልክ 26.4፥ በጃፓኑ ልክ ግን 27 ሚሊሜትር ነውና። ጠባቡ በሰፊው ትከሻ ላይ አይገባም፤ ሰፊው በጠባቡ ላይ ይዋልላል።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለው ጥርስ አልባው ፎርኬላ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ዛሬ የተለመደው ግንዱ 28.6 ሚሊሜትር ነው። ይህ በ30.2 ሚሊሜትር ቧንቧ ውስጥ ቢገባ ለሲኒው ግድግዳ በየጎኑ የሚቀረው ቦታ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። ቧንቧውን በሞረድ ማስፋት ደግሞ ቴላዮውን ማሳሳት ነው። አዲሱን ዐይነት የወደደ ሰው አንድ ኢንች የሆነ ጥርስ አልባ ፎርኬላ ከነኩሽኔታው ቢፈልግ ይሻለዋል።

ውፍረቱ ብቻ ሳይሆን ርዝመቱም ይታሰብ። ቧንቧው 150፥ የኩሽኔታው ከፍታ በጠቅላላው 40 ሚሊሜትር ከሆነ፥ ግንዱ እስከ ዳዶው ድረስ 190 ሚሊሜትር ያስፈልገዋል። አዲሱ ፎርኬላ ከድሮው በ20 ሚሊሜትር ቢረዝም ደግሞ፥ በሁለቱ ጎማዎች መካከል አንድ ሜትር ባለው ብስክሌት ላይ ቴላዮው ከአንድ ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የመሪውም ጠባይ ይለወጣል። የፍሬኑም ጫማ ቸርኬውን በትክክል መንካቱን ማየት አስፈላጊ ነው። ከ630 ወደ 622 ሚሊሜትር ቸርኬ የተዛወረ ሰው ጫማውን 4 ሚሊሜትር ማውረድ ይኖርበታል።

ይህን ያህል ስለ ሚሊሜትር መጨነቅ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ሰንሰለት ቢበጠስ ብስክሌቱ ይቆማል፤ ባለቤቱም እየገፋ ቤቱ ይገባል። በቁልቁለት ላይ ፎርኬላ ቢከዳ ግን መሪው በእጅ እንዳለ ጎማው በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ፍሬን ቢይዙም አይረዳም። ከመኪናና ከአስፋልት ጋር የሚገናኘው ፊትና ጥርስ ነው። ብረት ይበየዳል፤ ለሰው ግን ብየዳ የለውም።

ስለዚህ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የድሮውን ፎርኬላ፥ ቀለበትና ዳዶ በከረጢት ይዞ ይሂድ፤ ካሊፐር ካለው መካኒክ ዘንድም ያስለካ። ሲኒው በመዶሻ ሳይሆን በረጅም ቡሎን እየተሳበ ቀስ ብሎ ይግባ፤ ግራሶም አይረሳ። ዳዶው በጣት የማይጀምር ከሆነ በመፍቻ አይገደድ። አሮጌው ቴላዮ አዲሱን አይጠላም፤ አስቀድሞ ልኩ እንዲጠየቅ ብቻ ይፈልጋል።