ቴዎድሮስን ሆኖ የሚጫወተው ማን ነው?

እዚህ ወሎ፣ ኩታበር ላይ የቪዲዮ ሥራ ማለት ሠርግና ምርቃት ነው። ክረምት ሲገባ ስቱዲዮው ጭር ይላል። አዲስ አበባ የሚማሩ ልጆች አያቶቻቸው ዘንድ መጥተው «ጋሼ፣ ይቺን ኤዲት አድርግልን» የሚሉኝም ያኔ ነው። ዘንድሮ አንዱ ይዞ የመጣው የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ሥራ ነበር። የሚማረው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው፤ ስለ አንድ ቅዱስ ሰው አጭር ቪዲዮ እንዲሠሩ ታዘዋል። እሱ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን መርጧል።

በእኛ አካባቢ ካቶሊክ ብዙ አይደለም። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ግን ለወሎ ሩቅ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ የጎጃም መነኩሴ ናቸው፤ በካቶሊኩ ሚስዮናዊ በአቡነ ያዕቆብ ዘመን ካቶሊክ ሆነው ጎንደር ላይ ታሰሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ወደ ወሎ ሲዘምቱ እስረኛውም ከሠራዊቱ ጋር ተነዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ።

ልጁ ያመጣው ክሊፕ ላይ ንጉሡ በቀይ መብራት ብቅ ሲል የአስፈሪ ፊልም ሙዚቃ ይጮኻል። ይሄ ካፕካት የሚሉት የቪዲዮ መተግበሪያ በሽታ ነው፤ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ሙዚቃው ይፈርድበታል። እውነተኛው ታሪክ ከዚያ የተሻለ ፊልም ነው። ካሳ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ዘውድ የሚጭንላቸው ጳጳስ ያስፈልጋቸው ነበር፤ የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ደግሞ ካቶሊኮቹ እንዲወጡላቸው ይፈልጉ ነበር። ተስማሙ። ቴዎድሮስ ከነገሡ ከ23 ዓመት በኋላ እዚሁ ቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሃይማኖትህን ቀይር የመባል ተራው የወሎ ሙስሊም ሆነ። ካሜራ የያዘለት ጓደኛው ሙስሊም ነው፤ ይህን ለእሱ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ልጁ መነኩሴውን ሆኖ ሊጫወት ቆብ ሁሉ ተውሶ ነበር። «አይሆንም፣ አንተ ንጉሡን ሁን» አልኩት። አኮረፈ። ጋቢ አጣፍቶ «ይሙት በቃ» ሲል መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጮኸ። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ለምኖ ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የተለወጠበት ቦታ ሲደርስ ግን ድምፁ በራሱ ዝቅ አለ። ያንን ቴክ ነው ያስቀረነው። መነኩሴውን ከእግሩ በቀር አላሳየንም፤ አናጢ የበሳው ግንድ ውስጥ የገቡ ሁለት ቁርጭምጭሚቶች ብቻ።

ያለፋን ባሕር ዛፉ ነው። በቴዎድሮስ ጊዜ ባሕር ዛፍ ኢትዮጵያ አልገባም፤ እዚህ ግን ካሜራ ወዴትም ብታዞር እሱ ነው፣ እሱን ስታመልጥ የቆርቆሮ ጣሪያ። መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካሉት ጽዶች ሥር፣ ካሜራውን መሬት አስነክተን ቀረጽን።

የተጣላነው በአንድ ነገር ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ተገርፈው ምንም ጉዳት አልደረሰባቸውም የሚል ትውፊት አለ። ልጁ ይህን በብርሃን ኢፌክት ማሳየት ፈለገ፤ እኔ በትረካ ብቻ ይነገር አልኩ። አልተስማማም፤ ብርሃኑ ገባ። አሁንም አልወደድኩትም፤ ግን እምነቱም ማርኩም የእሱ ነው። እኔ የቻልኩት ብርሃኑን ትንሽ ማደብዘዝ ነው።