ሀዲዱ ከተዘረጋ በኋላስ?
የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሀዲዱን ያስገነባው የፌዴራሉ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር። የታክሲዎችን ታፔላና ታሪፍ የሚወስነው ግን ከተማ አስተዳደሩ ነው፤ መንገድ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ባለሥልጣን። ዕቅድ የሚፈተነው የእነዚህ ተቋማት ሥራ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ከአያት በባቡር የመጣች እናት ስታዲየም ስትወርድ ቀጣዩን ታክሲ የት ታገኛለች? ሀዲዱ መሬት ለመሬት በሚያልፍባቸው ሰፈሮች መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው፣ ማዶ ለመሻገር ዞሮ መሄድ ግድ ሆኗል፤ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ አዲስ መስመር ሲታቀድ ማቋረጫው፣ የእግረኛ መንገዱና የታክሲ ተራው ከግንባታው በፊት ከጣቢያው ጋር በአንድ ንድፍ ላይ መታየት አለባቸው። አገልግሎቱ ከተጀመረ በኋላም አስተዳደሩ ተሳፋሪ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ እየለካ ለነዋሪው ይፋ ማድረግ ይገባዋል።