ተጨማሪ መረጃ፦ የዓሣ ገንዳን በድንጋይና በሕይወት ባሉ ዕፅዋት ማደስ

ትንሽ የመስታወት ገንዳ ሲታደስ ሁሉንም አውጥቶ፣ ፈትጎ አጥቦ መመለስ ንጽሕና ይመስላል፤ ለዓሦቹ ግን አደጋ ነው፤ ውሃውን ከመርዝ የሚያጸዱትን ባክቴሪያዎች ያጠፋልና። ከዓሦች የሚወጣው አሞኒያ መርዛማ ነው። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ይህንንም ዕፅዋቱ ይመገቡታል። እንዴት ያለ ድንቅ ቅብብሎሽ ነው! ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ እነዚህን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ አለቅልቁት።

ድንጋይ ከመጨመራችሁ በፊት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከሠራ የኖራ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ካልሲየም ካርቦኔት እየለቀቀ የውሃውን አሲድነት ይቀንሳል። አኑቢያስ የተባለው የአፍሪካ ተክል ድንጋዩ ላይ በክር ይታሰራል፤ አግድም የሚያድገው ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።

ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) ታዋቂ ባደረገው የ“ኢዋጉሚ” አደራደር ድንጋዮቹ ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው፤ ትልቁም ከመካከል ፈንጠር ብሎ፣ ጥቂት ዘመም ብሎ ይቆማል።