ስለ ሻወር ማሞቂያና ስለ ኤሌትሪክ ሒሳቡ

ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም። በኪራሙ ግን ገላን በሙቅ ውሃ ለመታጠብ እንጨት መፍለጥ፥ እሳት ማንደድ፥ ውሃውን በሳፋ መበረዝ ያስፈልጋል። ኤሌትሪክ በገባበት ቤት ይህ ድካም ሊቀር ይችላል። ቤተ ሰባችን የሻወር ማሞቂያ ለማስገባት ባሰበ ጊዜ አባቴ፥ «ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በፊዚክስ የተማርከውን ይዘህ ሒሳቡን አሳየኝ» አለኝ። ያገኘሁትንም ለውድ አንባብያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ማሞቂያ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከሻወሩ ራስ ጋራ የተያያዘና ውሃው ሲያልፍበት ወዲያው የሚያሞቅ ትንሽ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ቦይለር የሚባለው፥ ውሃ አጠራቅሞ ቀስ በቀስ የሚያሞቀው ነው።

በአገራችን የቤት ኤሌትሪክ 220 ቮልት ነው። ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። ስለዚህ 5,500 ዋት ያለው የመጀመሪያው ዐይነት 25 አምፔር ይስባል፤ 1,500 ዋት ያለው ቦይለር ግን 7 አምፔር እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ቦይለሩ ውሃውን በጥቂት ኃይል ያሞቃልን? አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ በየትኛውም ዕቃ 4.2 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ልዩነቱ በጊዜው ነው። ፈጣኑ ማሞቂያ የውሃውን ሙቀት በ25 ዲግሪ ከፍ አድርጎ በደቂቃ 3 ሊትር ያህል ይሰጣል። ቦይለሩ 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም በቀዝቃዛ ውሃ ሲበረዝ 40 ዲግሪ የሆነ 95 ሊትር ያህል ስለሚሆን ለሦስት ሰው ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ምሽት ላይ ብዙ ቤት ሲጠቀም ቮልቱ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ቢሆን የማሞቂያው ኃይል በሲሶ ይቀንሳል። ያን ጊዜ በፈጣኑ ማሞቂያ የሚታጠብ ሰው ለብ ያለ ውሃ ብቻ ያገኛል፤ ቦይለሩ ግን ጥቂት ይዘገይ እንደ ሆነ እንጂ ሥራውን ይፈጽማል። በዚህ ምክንያት ቦይለሩን መረጥን።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። ከወለጋ ምድር፥ ከፊንጫ ግድብ፥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኤሌትሪክ ይመነጫል። ይህ ፋብሪካ የሚያንቀሳቅስ ኃይል ርጥብ ገላ ሲያገኝ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የሚከተሉትን መጠበቅ ግዴታ ነው።

1ኛ/ ማሞቂያው ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ማከፋፈያ የራሱ መሥመር ይሳብለት። ለ1,500 ዋት ቦይለር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ለ5,500 ዋቱ ግን 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር ይሻላል። ቀጭን ሽቦ ከባድ ጭነት ሲሸከም ግሎ ቤት ያቃጥላል።

2ኛ/ የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ ሽቦውም መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋራ በእርግጥ ይገናኝ። በዚህ ላይ፥ ኤሌትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ልዩ ብሬከር ይጨመር፤ መሞከሪያ ቁልፉም በየወሩ ይጫን።

3ኛ/ ማብሪያና ማጥፊያው ከመታጠቢያው ክፍል ውጭ ይሁን።

4ኛ/ ቦይለሩ ውሃ ሳይሞላ ኤሌትሪክ አይለቀቅበት። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉን ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ከቶ አይደፈን።

ሥራውን የሚያስተዋውቅ ባለሙያ ይሥራው እንጂ ማንም በግምት አይነካካው። ብዙ ሰው የማሞቂያውን ዋጋ ተከራክሮ ይገዛና ለሽቦውና ለመሬት ዘንጉ ሲደርስ ገንዘቡን ይቈጥባል። እኔ ግን ወላጆችን የምለምነው፥ ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ማሞቂያው ለሚቀጥለው ዓመት ይቈይ፤ በሳፋ መታጠብ ያደክማል እንጂ ሕይወት አያሳጣም።