ሦስተኛዋ ሃምሳ ፌኒግ

ፍራንክፈርት የሚኖሩት አክስቴ፣ የጀርመን ማርክ በዩሮ ሲተካ ሳይመነዝሩ የቀሩትን ሳንቲም በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠው ኖረዋል። መቼም ገንዘብ አይጣልም። በቀደም ልጃቸው ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠና ከሃምሳ ፌኒጎቹ፣ ማለትም ከግማሽ ማርኮቹ፣ አንዷን አንሥቶ «እማዬ፣ ሀብታም ሆንን!» አለ። ሳንቲሟ 1950 የሚል ዓመትና ጂ የምትል ፊደል ነበረባት።

ልጁ በከንቱ አልጮኸም። በምዕራብ ጀርመን ሳንቲሞች ላይ ያለችው ፊደል የተቀረጹበትን ከተማ ትናገራለች፤ ዲ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄ ሃምቡርግ። በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካርልስሩኸ ካወጣቻቸው ሃምሳ ፌኒጎች መካከል ሰብሳቢ ብዙ መቶ ዩሮ የሚከፍልባት አለች። ግን ይቺ አልነበረችም። ጀርመን ውስጥ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዬገር ካታሎግ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። 384 «ቡንደስሬፑብሊክ ዶይችላንድ» የሚል ጽሑፍ ያላት ናት፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ጂ፣ በአሥር ሚሊዮኖች ታትማለች። ተፈላጊዋ 379 ናት። ጽሑፏ «ባንክ ዶይቸር ሌንደር» ይላል።

ይህ ባንክ የተቋቋመው በ1948 ነው፤ አሸናፊዎቹ ኃያላን በያዟቸው የምዕራብ ግዛቶች ገና የጀርመን መንግሥት ሳይቆም። ሪፐብሊኩ በ1949 ተመሠረተ፤ በተከታዩ ዓመት የሳንቲሞቹ ጽሑፍም ተቀየረ። ካርልስሩኸ ግን 30,000 ሃምሳ ፌኒጎችን በአዲሱ ዓመትና በአሮጌው የባንክ ስም አወጣች። በሁለቱም ዓይነት ላይ ተንበርክካ የኦክ ችግኝ የምትተክለው ሴት ያችው ናት፤ ቀራጩ ሪቻርድ ማርቲን ቬርነር ሚስቱን ጌርዳን አስቀምጦ የሠራት።

ሁለተኛዋ ሳንቲም የባንኩ ስም ነበራት፤ ዓመቷ ግን 1949 ሆነ። ሦስተኛዋን አክስቴ ራሳቸው አነሡ። የባንኩ ስም፣ ጂ፣ 1950። ሁላችንም ዝም አልን።

ልጁ ሮጦ የወጥ ቤቱን ሚዛን አመጣ። 3.5 ግራም፣ ልክ እንደሚገባው። ጠርዟም ጥርስ ጥርስ አለው፤ ለስላሳ ጠርዝ የመጣው በ1972 ስለሆነ ይህም ትክክል ነው። በማግስቱ ሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው የሚዛኑን ወሬ ከቁም ነገር አልጣፉትም። ሳንቲሟን እንኳ ሳያዩ አክስቴን፣ «መቼ ነው እጅዎ የገባችው?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ያለ ነገር አልመጣም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የካርልስሩኸ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ያለ ፈቃድ ብርቅዬ ሳንቲሞችን ደግመው መቅረጻቸው ተጋለጠ። ከእነዚህ አንዷ ይህችው የ1950 ጂ ነበረች። ሥራው የተሠራው በመንግሥት መሣሪያ፣ በመንግሥት ግቢ፣ ሙያውን በተማሩ እጆች ነው። ታዲያ ሐሰተኛ ናት ወይስ እውነተኛ? ነገሩ እስከ ፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1977 መልስ አገኘ፤ መንግሥት ሳያዝ የተቀረጸ ሳንቲም፣ በራሱ ማተሚያ ቤት ቢወጣም፣ ሐሰተኛ ገንዘብ ነው። እኔ ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ለሰብሳቢ ግን መከራ ነው። ነጋዴው ቀኑን የጠየቁት ለዚህ ነው። ከቅሌቱ በፊት በሰው ቤት የነበረች ሳንቲም ቢያንስ ከአንድ ጥርጣሬ ትድናለች።

«ሰማንያዎቹ ውስጥ መሰለኝ» አሉ አክስቴ። አልረዳንም።

ከዚያ ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ብዙም አልቆዩም። መነጽሩን ለልጁ ሰጥተው የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች እንዲያይ ነገሩት። 1 እና 9 ዙሪያቸው ለስላሳ ሜዳ ነው፤ በ5 እና በ0 ዙሪያ ብቻ እንደ ጭረት ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። አንድ ሰው የ1949ን 4 ፍቆ አምስት፣ የመጨረሻዋን 9 ደግሞ ጭራዋን አጥፎ ዜሮ አድርጓታል። ሚዛኑም ጠርዙም ትክክል የሆኑት ሳንቲሟ እውነተኛ ስለነበረች ነው፤ የተዋሸው በሁለት አኃዞች ብቻ ነው። አጭበርባሪው እንኳ አልተሳካለትም፣ ሸጧት ቢሆን ኖሮ ከብስኩት ቆርቆሮ ባልተገኘች።

«የቀረውስ?» አሉ አክስቴ፣ ቆርቆሮውን እየገፉ። ማርክን የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ያለ ጊዜ ገደብ ይመነዝራል፤ 1.95583 ማርክ በአንድ ዩሮ፣ ስለዚህ ሃምሳ ፌኒግ ወደ 26 የዩሮ ሳንቲም ገደማ ይሆናል። አክስቴ ይህን ያውቁ ነበር፤ ሰልፉ ነው ያሰነፋቸው።

ነጋዴው ግን ቆርቆሮውን ሲያምሱ እኛ ልብ ያላልናቸውን የአምስት ማርክ ሳንቲሞች ለየብቻ መደርደር ጀመሩ። እስከ 1974 ድረስ የተቀረጹት ባለ ንስር አምስት ማርኮች 11.2 ግራም ይመዝናሉ፤ ከዚህ ውስጥ 7 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ባንክ ከሚሰጥባቸው ዋጋ ይልቅ ብሩ ይበልጣል። አንድ በአንድ ግን እያገላበጡ ዓመታቸውን አዩ፤ 1958ና ጄ ያላት 60,000 ብቻ ስለታተመች። አልተገኘችም። ከዚያ ክምሩን ሚዛን ላይ አደረጉና ለአክስቴ ዋጋ ነገሯቸው፤ አክስቴም ጨምሩ አሏቸው።