ሲቢትስ፦ በክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ሕክምና

ሲቢትስ ተኩስ፣ ድብደባ ወይም ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን፣ አለዚያም በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ አይተው ሰቀቀኑ ያልለቀቃቸውን ተማሪዎች እዚያው በሚማሩበት ግቢ ለመርዳት የተዘጋጀ የቡድን ሕክምና ነው። ስሙ ከረጅም የእንግሊዝኛ መጠሪያ የተለቀሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲሆን፣ በአማርኛ «በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ አስተሳሰብንና ባህርይን መሠረት ያደረገ የሥነ ልቦና ጉዳት ሕክምና» እንደ ማለት ነው። የተዘጋጀው ከ5ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች ነው።

መነሻው የአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ውስጥ ትሠራ የነበረችው ማርሊን ዎንግ፣ የራንድ የጥናት ተቋም ባለሙያዎች ሊሳ ጄይኮክስና ብራድሊ ስታይን፣ እንዲሁም የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪም ሸሪል ካታኦካ ሥራውን አብረው ጀመሩት። መጀመሪያ ያነጣጠሩት በስደተኛ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ነበር። ከላቲን አሜሪካ ለመጡት ልጆች እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሚችሉ የትምህርት ቤት ማኅበራዊ ሠራተኞች ያኔ 8 ክፍለ ጊዜ የነበረውን ሕክምና በስፓኒሽ ይሰጧቸው ነበር። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ልጁን ወደ ክሊኒክ እንዳይወስድ የሚያግደው ብዙ ነው፦ የሕክምና መድን የለም፣ ከሥራ የቀረ ሰው የዕለት ደሞዙን ያጣል፣ ቋንቋው አይገባም፣ የመኖሪያ ወረቀት ነገር ያስፈራል። በዚያ ላይ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደ እብደት ይቆጠራል። ትምህርት ቤት ግን ልጁ በየቀኑ ይሄዳል። ሐሳቡ ከዚህ የተለየ ረቂቅ ነገር አልነበረውም፤ ሕክምናው ልጁ ወዳለበት ይምጣ ነው።

ሰቀቀኑ በክፍል ውስጥ በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛው ትዝታው ሳይጠሩት መምጣቱ ነው፤ ሌሊት በቅዠት፣ ቀን ደግሞ በትምህርት መሀል በዓይን ላይ ድቅን ይላል። ሁለተኛው ሽሽት ነው፤ ልጁ የሆነውን ከሚያስታውሰው ቦታ፣ ሰውና ወሬ ሁሉ ይርቃል። ሦስተኛው ሰውነት ሁልጊዜ ዘብ መቆሙ ነው። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ዓይኑን ከበሩ የማይነቅል፣ መጽሐፍ ከዴስክ ሲወድቅ ዘሎ የሚነሳ ተማሪ የሒሳቡን ምሳሌ መከታተል ይቸግረዋል። መምህሩ ስንፍና ወይም ጥጋብ ይመስለዋል። ቤተሰብ በበኩሉ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይላል። ልጁም ዝም ስለሚል የተረሳ ይመስላል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመጠይቅ ነው። በወላጅ ፈቃድ ተማሪዎች ምን እንዳዩና ምን እንደደረሰባቸው፣ በቅርቡ ምን ያህል ጊዜ እንደቃዡ፣ ምን ያህል እንደሚደነግጡ የሚጠይቅ አጭር ቅጽ ይሞላሉ። የመምህር ጥቆማ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት አለ። መምህር በቀላሉ የሚያየው የሚረብሸውን ልጅ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ድምፁን ያጠፋው ያልፈዋል። በቅጹ የተለዩትን ልጆች ባለሙያው ለየብቻ አነጋግሮ ካረጋገጠ በኋላ ከ6 እስከ 8 የሚሆኑትን አንድ ቡድን ያደርጋቸዋል። ቡድኑ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ያህል፣ በድምሩ 10 ጊዜ ይገናኛል። በመካከሉ እያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ 3 ጊዜ ከመሪው ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ለወላጆች 2፣ ለመምህራን ደግሞ 1 የገለጻ ስብሰባ አለ።

የክፍለ ጊዜዎቹ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልተደረደረም። በመጀመሪያው ልጆቹ ይተዋወቃሉ፣ ለምን እንደመጡም በአጭሩ ይናገራሉ። በሁለተኛው መሪው ከክፉ ነገር በኋላ በሰው ላይ የሚታዩትን ምልክቶች ይዘረዝርላቸዋል። ብዙ ልጅ እንቅልፍ ማጣቱንም ሆነ መበርገጉን የራሱ እብደት አድርጎ ይዞት ስለቆየ፣ ጎኑ የተቀመጠው ልጅ «እኔም እንደዚያ ያደርገኛል» ሲል መስማት በራሱ ግማሽ እፎይታ ነው። በዚያው ቀን አተነፋፈስን ማዘግየትና ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ ይለማመዳሉ። ቀጥሎ የስሜት ቴርሞሜትር ይመጣል፤ ልጁ ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። «ፈራሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስለካም። «ትናንት 8 ነበር፣ ዛሬ 6 ነው» ግን ያስለካል።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ «ትኩስ ወንበር» የሚሉት ልምምድ አለ። ለምሳሌ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ሲመታ ያየ የ12 ዓመት ልጅ «እዚያ ከቆምኩ እኔም እመታለሁ» የሚል ሐሳብ ይዞ ይመጣል እንበል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሐሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያ ጓደኞቹ ያግዙታል። «ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጊዜ ቆመህ ነበር?» ይለዋል አንዱ። «ያኔ ምን ሆንክ?» ትላለች ሌላዋ። «የሚያሰጋ ነገር ብታይስ ምን ታደርጋለህ?» ልጁ ያስብና «ሱቁ ውስጥ እገባለሁ» ይላል። ማንም «አይዞህ፣ አትፍራ» አላለውም። ፍርሃቱ ተመዘነ እንጂ አልተናቀም፤ ልጁም ከወንበሩ ሲነሳ በእጁ አንድ መላ ይዟል። ሐሳብን ማስተካከል ሲባል ሁሉ መልካም ነው ብሎ ማሰብ እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በአምስተኛው የፍርሃት መሰላል ይሠራል። የዚሁ ልጅ የታችኛው ደረጃ ከታላቅ እህቱ ጋር በፌርማታው በኩል ማለፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ በቀን ከጓደኛው ጋር 5 ደቂቃ መቆም፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ብቻውን አውቶቡስ ይዞ ትምህርት ቤት መምጣት ይቀመጣሉ። አንዱ ደረጃ ካልቀለለው ወደ ቀጣዩ አይወጣም። እዚህ ላይ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወደ መሰላሉ የሚገባው ዛሬ አደጋ የሌለበት ነገር ብቻ ነው። የወሮበሎች ቡድን የሚውልበት መንገድ መሸሽ ያለበት መንገድ ነው፣ ልጁም መሸሹን እንዲተው አይገፋፋም። ብዙዎቹ ልጆች የሚኖሩት አሁንም ተኩስ በሚሰማበት ሰፈር ስለሆነ፣ ያለፈውን ፍርሃት ከዛሬው ስጋት መለየት የሥራው ከባዱ ክፍል ነው።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ትዝታውን ፊት ለፊት ለመጋፈጥ ነው። ከዚህ በፊት ልጁ የሆነውን ለመሪው ብቻውን ሆኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናግሮታል፤ ለቡድኑ የትኛውን ክፍል እንደሚያካፍልም አብረው ወስነዋል። አንዳንዱ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ይስላል። ሲደጋገም የቴርሞሜትሩ ቁጥር ይወርዳል፤ ታሪኩ ባይለወጥም ልጁ ሳይታመም ሊያስታውሰው ይችላል። ጉዳዩ ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ግን ለቡድን አይቀርብም፤ እንዲህ ያለው ልጅ ለብቻው ወደሚታይበት ይላካል። የመጨረሻዎቹ ክፍለ ጊዜዎች ከሰው ጋር የሚፈጠር ግጭትን በመፍታት ያልፋሉ። አሥረኛው ደግሞ ፍርሃቱ ተመልሶ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ያቅዳል፣ በትንሽ የምረቃ ድግስም ይዘጋል።

ውጤቱ በዕጣ በተመደቡ ተማሪዎች ላይ ተፈትኗል። በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሚገኙ ሁለት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 126 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 61ዱ ወዲያው ጀመሩ፣ 65ቱ ተራ ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ3 ወር በኋላ፣ ወዲያው በጀመሩት ላይ የታየው የሰቀቀን ምልክት ነጥብ በአማካይ 8.9፣ የተጠባባቂዎቹ ደግሞ 15.5 ነበር። የድባቴ ምልክትም በጀመሩት ላይ ዝቅ ብሏል። ተጠባባቂዎቹ በተራቸው ሲታከሙ ልዩነቱ ጠፋ። መምህራን የሰጡት ምዘና ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩ የሚባል የክፍል ባህርይ ለውጥ አላሳየም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የልጁ እንቅልፍ መመለሱ ከክፍሉ ፊት የቆመ ሰው ዓይን ውስጥ ቶሎ ላይገባ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው የኒው ኦርሊንስ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን በጎርፍ ካጥለቀለቃት 15 ወር በኋላ 118 ልጆች በዕጣ ተከፈሉ። ገሚሶቹ በትምህርት ቤት ሲቢትስን እንዲከታተሉ ተደረገ። ለሌሎቹ ለየብቻ የሚሰጥ፣ በሚገባ የተመሰከረለት ሕክምና በክሊኒክ ተዘጋጀላቸው። በትምህርት ቤት ከተመደቡት 98 በመቶው ሕክምናውን ጀመሩ፤ ወደ ክሊኒኩ ከተመደቡት ግን የጀመሩት 37 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ሕክምናዎች ምልክቱን ቀንሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው የሕክምናው ዓይነት ሳይሆን በቤትና በክሊኒኩ መካከል ያለው መንገድ ነው።

ሲቢትስን የሚመራው በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለ ሰው የለውም። ለዚህ ሲባል መምህራንና የትምህርት ቤት አማካሪዎች ሊያስኬዱት የሚችሉ፣ በትምህርት መልክ የተዘጋጁ 10 ክፍለ ጊዜዎች ያሉት ተጓዳኝ ፕሮግራም ተሠርቷል። ከ5ኛ ክፍል በታች ላሉት ሕፃናትም በእነሱ ዕድሜ የተቃኘ ሌላ አለ። በመምህራኑ ቅጂ ውስጥ መሰላሉም፣ ቴርሞሜትሩም፣ ሐሳብን መመዘኑም እንዳሉ ናቸው። ልጁ ከመሪው ጋር ብቻውን ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ የሚናገርበት ክፍል ግን ወጥቷል። ምልክቱ የከበደበትን ተማሪ መምህሩ ራሱ ሊያክመው አይሞክርም፣ ለባለሙያ ያስተላልፈዋል።